ሱሉልታ ጨፌ ውስጥ ከእግሬ ሥር የተነሣችው ትንሽ ወፍ ምን ትሆን?

ወለተ ሱሉልታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ወፍ ብዙም የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሱሉልታ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ የምኖረውም እዚያው ነው። እስከ ዛሬ በስም ለይቼ የማውቃቸው ጥንብ አንሣን፣ ቁራን፣ ዋኖስንና ቆቅን ብቻ ነው። በየማለዳው ጣራችን ላይ እየጮኸ የሚያልፍ፣ ረጅም ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈ ትልቅ ወፍም አለ፤ እሱን እንኳን በስም አላውቀውም።

ነሐሴ 12 ቀን፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ከለቅሶ እየተመለስን ነበር። ሚኒባሱ ከሰፈራችን ራቅ አድርጎ አወረደን። በአስፋልቱ ከመዞር ጨፌውን ብናቋርጥ ይቀርበናል ብለን ጫማችንን አውልቀን ገባን። (የቦታውን ምልክት እዚህ ላይ ጽፌው ነበር፤ ከታች በተሰጠኝ ምክር አንሥቼዋለሁ።) ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ ብላለች፤ ከወዲያኛው ዳር ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ።

መካከል ላይ ስንደርስ አንዲት ወፍ ከእግሬ ሥር ተነሣች። ከደነገጥኩት ድንጋጤ የተነሣ የያዝኩትን ጫማ ውኃ ውስጥ ጣልኩት። በጣም ትንሽ ናት፤ ከድርጭትም ታንሳለች። እግሮቿን አንጠልጥላ፣ መብረር ገና እንደምትለማመድ ዓይነት እየተንገዳገደች አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቄጤማው ውስጥ ወደቀች። ወደ ወደቀችበት ብንሄድም የለችም፤ ሣሩ እንኳን አልተነቃነቀም። ያየሁት ጥቁር ቡናማ ገላና ብልጭ ያለ ነጭ ነገር ነው። የባለቤቴ እናት «ጎጆዋን ረግጠሽባት እንዳይሆን» ብለው ቆመው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ ቤት እስክንደርስ ድረስ እግሬን የማሳርፍበትን ሁሉ ሲጠብቁ ነበር።

ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ብነግረው፣ ሱሉልታ ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ብቻ የቀረች አንዲት ወፍ እንዳለች አንብቤያለሁ አለኝ። አሁን በጣም ጓጉቷል። ባይኖኩላር ተውሷል፤ የፊታችን እሑድ ሰባት ሆነን፣ ረጅም ገመድ ግራና ቀኝ ይዘን በሣሩ ላይ እየጎተትን እንድናስነሣትና ፎቶግራፍ እንድናነሣ አስቧል። ውጭ አገር እንዲህ ይደረጋል ይላል።

እባካችሁ፣ ወፏ ምን ልትሆን ትችላለች? ያሰብነውስ ነገር ትክክል ነው? ለማንስ መናገር ይገባናል?

ባለ ባይኖኩላሩ

እንኳን ደህና መጡ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ወፍ ማየት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ድርጭት ትመስለኛለች። ድርጭት ሣር ውስጥ ተኝታ ትቆይና ሊረግጧት ሲቃረቡ ከእግር ሥር ትነሣለች፤ በክረምት ደግሞ በዚያ ሜዳ አትጠፋም። ነጩ ነገር የፀሐይ ነጸብራቅ ሊሆን ይችላል። ሜርሊን የሚባለውን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ቢጭኑት፣ የወፏን መጠንና ቀለም፣ ያዩበትን ቦታና ቀን ሲነግሩት የሚቀራረቡትን ወፎች ያሳይዎታል። ፎቶግራፍ ካገኙ ግን እዚህ ያጋሩን፤ እኔም ለማየት ጓጉቻለሁ።

የበርጋ ልጅ

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ አትግቡ። የቀረውን ጽሑፌን ባታነቢው እንኳን ይህቺን ቃል ብቻ ያዢልኝ። ባልደረባሽ በቅንነት እንዳሰበው አልጠራጠርም፤ ግን ሰባት ሰው ገመድ ይዞ በነሐሴ ወር ያ ቄጤማ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ከቻልሽም ከጽሑፍሽ ላይ የቦታውን ምልክት አንሺው። ይህን ገጽ የሚያነብበው ብዙ ሰው ነው።

ያደግሁት በርጋ ጨፌ ዳር ነው፤ ከአዲስ ዓለም አለፍ ብሎ ያለው ሜዳ። የአባቴን ላሞች እጠብቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይቋጥርና ቄጤማው ይነሣል፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ እኛ እረኞች ከዳር ሆነን እንጠብቃለን፣ ላሞቹ ግን ይገባሉ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። የሰፈር ልጆችን ሰብስበው በመስመር አቆሙን፤ ባልደረባሽ እንዳለው ገመድ አስያዙን። እኔ የያዝኩት የግራውን ጫፍ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ወፏ ተነሣች። ያየኋት ለሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከአጥኚዎቹ መካከል አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ደብተራቸውን ውኃ ውስጥ ጥለው ዝም ብለው ቆሙ። የታመሙ መስሎኝ ሮጥኩ፤ እያለቀሱ ነበር።

ያቺ ወፍ በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ ትባላለች። በፈረንጅኛው ፍላፍቴይል የሚባሉት ወገን ናት፤ እኛ በርጋ ውስጥ አሁን «ነጭ ክንፏ» ብለን እንጠራታለን። ርዝመቷ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ዳማ ነው፤ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ነጭ ጭረቶች አሉበት፤ የሴቷ ቀለም ደብዘዝ ያለ ነው። ሁለቱም ክንፋቸውን ሲዘረጉ ከኋላ በኩል፣ ወደ ገላቸው በሚጠጋው የክንፋቸው ግማሽ ላይ ነጭ ይታያል። ቆማ ሳለች ነጩ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ስትበር ካላየሻት በዚህ ምልክት አታውቂያትም። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰፈረችው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው። በርጋ ከመታወቁ በፊት ደግሞ አገራችን ውስጥ ስሟ የሚነሣው ከአንቺው ከሱሉልታ ሜዳ ጋር ነበር። ስለዚህ ባልደረባሽ ያነበበው ውሸት አይደለም። ችግሩ ሱሉልታ ያኔ የነበረችው ሱሉልታ አለመሆኗ ነው፤ ግማሹ ሜዳ ውኃው ተንጠፍጥፎ ቤትና ፋብሪካ በቅሎበታል። አንቺ የተሻገርሽው ቁራጭ ከተረፉት አንዱ ከሆነ ዋጋውን እኔ አልችልም ልነግርሽ።

አሁን ስለ ገመዱ። ወፏ እዚህ የምትራባው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጎጆዋን በቄጤማው መካከል፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ አድርጋ፣ ያንኑ ሣር ሸምና ትሠራለች፤ በላዩ ላይ ቆመሽ እንኳን አታይውም። በሁለተኛው ዓመት ገመድ ጎትተን ስንጨርስ፣ በመጣሁበት መስመር ስመለስ በገዛ እግሬ ዱካ ውስጥ የተሰበረ እንቁላል አየሁ። ትንሽዬ እንቁላል። የየትኛዋ ወፍ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ሜዳ የሚራቡት ብዙ ናቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ እናቴ ራት አቅርባልኝ መብላት አቃተኝ። የባለቤትሽ እናት ቆመው የቀሩባትን ቃል ሳነብ ይህ ነው የታወሰኝ። ትክክለኛውን ነገር ያሉት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ዘዴው ተለውጧል። ካሜራ ከሣሩ ሥር ይተከላል፤ ድምፅ መቅረጫ ይቀመጣል፤ ሰው ከውኃው ይወጣል። የወፏ ድምፅ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ የተለየው እንኳን በዚህ መንገድ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል «ሁ… ሁ…» ነው። የእኛም ሰፈር ሰው በማኅበር ተደራጅቶ በመራቢያዋ ወራት ከብት እንዳይገባ ይጠብቃል። ይህ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ለላም ሣር በጠፋበት ወር ያን ለምለም ሜዳ እያዩ ማለፍ ለገበሬ ከባድ ነው። ያደረጉትን ሰዎች ስለማውቃቸው ነው ፎቶግራፍ ለማንሣት ብቻ የሚገባ ሰው ስሰማ ዝም ማለት የማልችለው።

ወፍሽን በተመለከተ፣ ድርጭት አይደለችም። ድርጭት ስትነሣ እግሯን ሰብስባ፣ ክንፏን በኃይል እያርገበገበች በቀጥታ ትወረወራለች፤ አሥራ አምስት እርምጃ ሄዳም አትወድቅም። እግር አንጠልጥሎ መብረር የረግረግ ወፎች ጠባይ ነው። ነገር ግን የረግረግ ወፍ ሁሉ ነጭ ክንፏ አይደለችም። እዚያው ሱሉልታ በየጅረቱ ዳር አንዲት ሌላ አለች፤ ከእኛና ከኤርትራ በቀር የትም የማትገኝ ሩዤ የምትባል፤ ቀላ ያለች ቡናማ ሆና ጅራቷን ቀጥ እያደረገች የምታርገበግብ፣ ከጅራቷ ሥርም ነጭ የሆነች ናት። መጠኗ ግን ከነጭ ክንፏ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ንገሪኝ፦ ነጩ ያለው ክንፏ ላይ ነው ወይስ ጅራቷ ሥር? ውኃው ምን ያህል ይጠልቅ ነበር? ሣሩስ ምን ያህል ይረዝማል?

ወለተ ሱሉልታ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለባልደረባዬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ተከፋ፤ እንቁላሉ ጋ ስደርስ ግን ዝም አለ። እሑድ አንገባም። ምልክቱንም አንሥቼዋለሁ።

ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ባቴ ድረስ ይመጣል። ቄጤማው ጉልበቴ ጋ ነው፤ በመካከሉ ቀጭን ሣርም አለበት። ስለ ነጩ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ ክንፏ ላይ ነው እላለሁ፣ የባለቤቴ እናት ደግሞ ጅራቷ ሥር ነው ይላሉ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ተከራከርንበት። እሳቸው ከኋላዬ ስለነበሩ ከጎን ያዩት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ደንግጬ ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን እንስማማለን፤ በጣም ትንሽ ነበረች። እሳቸው መዳፋቸውን ጨብጠው «ይህን ታህላለች» አሉኝ።

የበርጋ ልጅ

እንዲህ በእውነት የምትናገር ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ አብዛኛው ሰው ብርቅ ወፍ ማየቱን ከሰማ በኋላ ነጩን ወደሚፈልግበት ያዛውረዋል። እንግዲህ ውኃውም ሣሩም ይስማማል፤ መጠኗም ይስማማል። ነጩ ግን አልተረጋገጠም። እኔ ብሆን መዝገብ ላይ «ያልተለየች የረግረግ ወፍ» ብዬ ነው የምጽፈው፤ ከጎኑም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውኃውን ጥልቀትና የሁለታችሁን የተለያየ ቃል እንዳለ አሰፍራለሁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ እዚያው ሌላ ነገር ሲያይ ያንቺ መስመር ከጎኑ ትቆማለች።

ለማን ልናገር ላልሽው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። ትክክለኛውን ቦታ ለእነሱ ብቻ ንገሪያቸው።

ከቤልፋስት

የምጽፈው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ቤልፋስት በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ አለኝ፤ ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ያለች፣ ብርዷ ደብረ ብርሃንን የሚያስታውሰኝ ከተማ ናት። ይህን ገጽ የከፈትኩት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው፤ ስሟን ሳይ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

አንድ አዛውንት ገበሬ ዱቄትና ሻይ ሊገዙ ሱቄ ይመጣሉ። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ከኢትዮጵያ ስላቸው፣ ስለ ሩጫ ወይም ስለ ቡና ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ «በርጋን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ በርጋን ሰምቼም አላውቅም ነበር። ከዚህ ወደ ዱልስትሩም በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ሚደልፑንት የሚባል ረግረግ አለ። ያቺ ወፍ እዚያ ትታያለች። ለረጅም ዘመን ስትራባ የታወቀችው በእኛ አገር ብቻ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው ከሣሩ ሥር የተተከሉት ካሜራዎች እዚህም ጫጩቶች እንዳሏት ያሳዩት። የዘር ምርመራም ተደርጎ የሁለቱ አገር ወፎች እምብዛም እንደማይለያዩ ታውቋል። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ ወንድማማቾች መሆናችንን የነገሩኝ ያህል ደስ ብሏቸው ነበር።

ይህ አገር ለእኔ ብጤው ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ አይቀበልም፤ ሱቄ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። ያን ቀን ግን ሰውዬው ዱቄታቸውን ከፍለው ከወጡ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁና ወደዚያ አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁ። የሚታየው ሜዳና ጉም ብቻ ነው። ማንም ሰው ወደ ረግረጉ እንዲሁ አይገባም፤ እኔም አልገባሁም። የበርጋው ወንድማችን እንዳለው፣ እዚህም ካሜራው ይጠብቃል እንጂ ሰው አይረግጥም። እኅታችን፣ ባለመግባትሽ አመሰግንሻለሁ።

እትዬ ገፈርሳ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ሁለት ጓደኞቼና እኔ በወር አንድ እሑድ ወፍ ለማየት እንወጣለን፤ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ልጄ፣ ያንቺን ጥያቄ ሳነብ የጓጓሁት ለትንሿ ወፍ ብቻ አይደለም። ጣራሽ ላይ እየጮኸ ስለሚያልፈው ትልቅ ወፍ ማንም ሳይመልስልሽ ቀረ! ምንቃሩ የታጠፈ፣ ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይ ከሆነ፣ እሱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኝ ወፍ ነው። ሰው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍሎ እሱን ለማየት ይመጣል፤ አንቺ በየማለዳው በነጻ ይቀሰቅስሻል። እኔ ሰላሳ ሦስት ዓመት ሳስተምር በክፍሌ መስኮት አጠገብ ሲያልፍ ኖሮ፣ ለአንድም ተማሪ ቀና በሉና እዩት ሳልል ጡረታ ወጣሁ። ይህ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ባልደረባሽ የተዋሰውን ባይኖኩላር እንዳይመልስ ንገሪው። ገፈርሳ ውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ውሰጂው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ነው። የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በትሕትና ከጠየቃችሁ ምን ልታዩ እንደመጣችሁ ራሳቸው ይጠይቋችኋል፤ እኛን አንዱ ጥበቃ አሁን ዝይዎቹ የትኛው ዳር እንዳሉ ቀድሞ ይነግረናል። ዝይ ያልኩት ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበትን ነው፤ ይኸውም የእኛው ብቻ ነው። ሲያርፍ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጀርባው ላይ ያስተኛዋል፤ በዚህ ከሩቅ ታውቁታላችሁ። በሣሩ ላይ ደግሞ የሰብል ወፍ የምትመስል፣ ዞር ስትል ግን ጉሮሮዋ እንደ እንቁላል አስኳል የደመቀ፣ በደረቷ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረች ወፍ አለች። እሷን መጀመሪያ ያየኋት በስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጉልበቴ ቢታመምም ቀርቼ አላውቅም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ድረሱ። መኪና ካላችሁ ከመኪናው አትውረዱ፤ ወፎቹ ሰውን እንጂ መኪናን ብዙም አይፈሩም። ደማቅ ነጠላ አትልበሺ፤ እኔ በፋሲካ ማግስት በነጭ ቀሚስ ሄጄ ሜዳውን ሁሉ አስበርግጌዋለሁ። ታኅሣሥና ጥር ሲመጣ ደግሞ ቢሾፍቱ ጨለለቃ ሂዱ። ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ቀን በየማሳው ውለው ሲመሽ በመንጋ በመንጋ ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ነው የሚቀድመው። ያን የሰማ ሰው ሌላ ነገር አያሰኘውም።

ባለ ባይኖኩላሩ

ድርጭት ናት ማለቴን አንሥቻለሁ፤ እግሮቿን ማንጠልጠሏን ጽፈውት ሳለ ልብ ሳልለው አልፌዋለሁ። የሦስት ዓመት መዝገቤን ትናንት ከፍቼ ሳየው ሁሉም የተጻፈው በስም ብቻ ነው፤ ውኃው፣ ሣሩ፣ ሰዓቱ የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ እጽፋለሁ። እትዬ፣ ጨለለቃ ስትሄዱ እኔንም ብትወስዱኝ ባይኖኩላሩንና መቆሚያውን እሸከማለሁ።

ወለተ ሱሉልታ

ከቆየሁ በኋላ ነው የምመለሰው፤ ይቅርታ። ጳጉሜን 2 ቀን ጠዋት ከባለቤቴ እናትና ከባልደረባዬ ጋር ወደ ጨፌው ሄድን። አልገባንም። አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው ያየነው። እናቴ (የባለቤቴን እናት ማለቴ ነው) ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፔርሙዝ ይዘው መጡ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ ከጅረቱ ዳር አንዲት ቀላ ያለች ወፍ ወጣች፤ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስታርገበግብ ከሥሩ ያለው ነጭ ከሩቅ ይታያል። የበርጋው ወንድማችን ሩዤ ያሉት እሷን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልቤ ትንሽ ወረደ፤ ያየነው ይህቺኑ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ባይኖኩላሩን ለእናቴ ሰጠኋቸው። በሕይወታቸው በባይኖኩላር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አይተው ሲጨርሱ ባይኖኩላሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ይህቺ አይደለችም። ያቺ ታንሳለች» አሉ። ስለ ነጩ ግን አሁንም ቃላቸውን አልለወጡም፤ ጅራቷ ሥር ነው ይላሉ። እኔም አልለወጥኩም።

ከዚህ የበለጠው ግን ሌላ ነው። ለዘመን መለወጫ የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ የሚያጭዱ ሦስት ሴቶች ከወዲያኛው ጥግ ነበሩ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ገዝቼ ቤቴ ላይ የምጎዘጉዘው ቄጤማ ከዚህ እንደሚመጣ አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴ ያውቋቸው ኖሮ ጠርተው ቡና አጠጧቸው። ስለ ወፏ ስጠይቃቸው ሁለቱ አላየንም አሉ። ሦስተኛዋ፣ በዕድሜ የምትበልጠው፣ «መብረር የማትወድ፣ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር የምትሮጥ ትንሽ ወፍ አለች። በሐምሌ ነው የማያት። ማጭዱን ስሰነዝር ከፊቴ ታልፋለች» አለች። ክንፏን አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «አትበርማ! በምን አየዋለሁ?» አለችኝ።

የጨፌውን መካከል በዚህ ዓመት እስከ መጨረሻው እንዲተዉት ለመንኳቸው። መተዳደሪያቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የዚያን ቦታ ያህል ቄጤማ ከሌላኛው ዳር ካጨዱት ላይ እኔና ባልደረባዬ ገዛናቸው። ባልደረባዬ ለመድኃኒት ቤቱ ጎዘጎዘው። የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ምን በዓል አለ እያለ ይጠይቃል፤ እሱም ስለ ወፏ ይነግረዋል፣ የት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ማኅበሩንም አነጋግሬያለሁ፤ ያልኩትን ሁሉ፣ የእናቴንም ቃል ሳይቀር፣ መዝግበውታል። ለሚቀጥለው ክረምት መቼ መጀመር እንዳለብን ብትነግሩን?

የበርጋ ልጅ

«እንደ አይጥ በሣሩ ሥር» የምትለውን ቃል ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እኛም ሰፈር ገመዱ ከመምጣቱ በፊት የሚያውቋት ሣር አጫጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። ያቺን ሴት እንዳትጠፋብሽ።

ሐምሌ አቦ ካለፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ እመጣለሁ፤ ለሊት 11 ሰዓት ላይ እዚያው ድንጋዩ ጋ እንገናኝ። እናትሽ ይምጡ፤ ሣር አጫጇም ትምጣ። እኔ ድምፅ መቅረጫ ከሚያውቅ ሰው እዋሳለሁ፤ ከዳር አስቀምጠነው ዝም ብለን እንሰማለን። ጋቢ ያዙ። ቦት ጫማ አያስፈልጋችሁም።